የወባ ትንኝን አካባቢን ሳይጎዱ መከላከል፦ ሀዋሳ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ሰፈር ውስጥ የሚነሱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

ወባ የምታስተላልፈዋ ከተራዋ ቢንቢ በምን ትለያለች?

ሌሊት ጆሯችን ስር ጥዝዝ እያለች እንቅልፍ የምትነሳን ሁሉ የወባ ትንኝ አይደለችም። ወባ የምታስተላልፈው አኖፊለስ ናት፤ እሷም ሴቷ ብቻ። ደም የምትፈልገው ለእንቁላሏ ነው። ወንዱ የአበባ ፈሳሽ ቀስሞ ያድራል። በአገራችን ዋነኛዋ ዝርያ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ትባላለች።

መለየቱ ያን ያህል ከባድ አይደለም። አኖፊለስ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ራሷን ደፍታ ቂጧን ሽቅብ ትሰቅላለች። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ የምትራባው ኩሌክስ ግን ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆና ትቀመጣለች። እጮቻቸውም ይለያያሉ። ከበርሜሉ በነጭ ስኒ ትንሽ ውሃ ቅዱና ረጋ እስኪል ጠብቁ። ውሃው ላይ እንደ ስንጥር ተጋድማ የምትንሳፈፈው የአኖፊለስ እጭ ናት። በጅራቷ ተንጠልጥላ ራሷን ቁልቁል የዘቀዘቀችው ሌላ ናት።

ሦስተኛዋ ኤደስ ናት፤ እግሯ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት፣ ቀን ቀን የምትናከስ። ወባ አታስተላልፍም፤ ደንጊና ቺኩንጉንያ የተባሉ በሽታዎችን ግን ታስተላልፋለች። ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. በደንጊ፣ በ2019 ደግሞ በቺኩንጉንያ የተቸገረችው በእሷ ሰበብ ነው።

ሐይቁ አጠገባችን እያለ በርሜል ብንከድን ምን ዋጋ አለው?

ይሄ ጥያቄ ሀዋሳ ላይ የማይጠይቀው ሰው የለም። ሐይቁ ግን የሚታማውን ያህል ጥፋተኛ አይደለም። መሃሉ ጥልቅ ነው፣ ማዕበል ይመታዋል፣ እጭ የሚበሉ አሳዎችም አሉበት። አረቢየንሲስ የምትወደው ትንሽ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ፀሐይ የሚያገኘው ጊዜያዊ ውሃ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ የከብት ኮቴ ውስጥ የቀረ ውሃ ለእሷ በቂ ነው። የባጃጅ ጎማ የቦረቦረው መንገድም ያው ነው።

ዳር ዳሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ሐይቁ ሲሸሽ ጥሎት የሚሄደው ውሃ፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ አካባቢ ከብት የረገጠው ጭቃ፣ አፈር ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ፣ ሣርና ደንገል የዋጠው ጥግ ሁሉ ትንኝ ይራባበታል። እዚያ የሚኖር ሰው ትኩረቱ እነዚህ ላይ ይሁን። ሐይቁን ተዉትና እግራችሁ ስር ያለውን እዩ።

ግቢዬ ውስጥ የትኛው ላይ ላተኩር?

ውሃ ይዞ ከሳምንት በላይ የሚቆይ ማንኛውም ነገር ላይ። ከሮቶው ጀምሩ። ክዳኑ በደንብ ይገጥማል? ሞልቶ የሚፈስበት ቱቦ አፉ በወንፊት ተሸፍኗል? ብዙ ሰው ክዳኑን አጥብቆ ያስርና ቱቦውን ይረሳዋል፤ ትንኝዋ የምትገባው በዚያ ነው። ቀጥሎ አሸንዳው ስር ያለው በርሜል። ከዚያ አሸንዳው ራሱ፤ ቅጠል ከደፈነው ውሃ ያቁራል። ለዶሮ ውሃ ማጠጫ ተብሎ ለሁለት የተቆረጠው ቢጫ ጀሪካን፣ ጣሪያ ላይ የተወረወረው አሮጌ ጎማ፣ የአበባ ማስቀመጫው ሥር ያለው ሰሃን፣ ቧንቧው ስር ሁሌ እርጥብ የሆነችው ጉድጓድ። አብዛኛው ሰው እነዚህን በየቀኑ እያለፋቸው ነው የሚሄደው።

ዕቃ ላይ እንዲህ የምንጨነቅበት ተጨማሪ ምክንያት አለ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ መነሻዋ ደቡብ እስያና የአረብ ባሕረ ገብ መሬት የሆነ የወባ ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝታለች። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምታለች። እሷ የከተማ ትንኝ ናት፤ ሮቶና በርሜል ውስጥ ትራባለች፣ በጋ አይበግራትም። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ ያለወቅቱ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነበር። ስለዚህ «ወባ የገጠር በሽታ ነው» የሚለው ወሬ ጊዜው አልፎበታል።

በሳምንት አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል?

ይበቃል፤ ግን በየሳምንቱ ከሆነ ነው። ከእንቁላል እስከ ክንፍ እንደ ሙቀቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። አንድ ቀን ምረጡ፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት፣ እና ሁሌም በዚያ ቀን እዩ። ሳምንት ከዘለላችሁ የበረረችው በረረች።

ውሃ ሲጠፋ ብላችሁ ያጠራቀማችሁትን ድፉ የሚላችሁ የለም። ክደኑት። ክዳን ከሌለ ጨርቅ አድርጉበትና ዙሪያውን በላስቲክ እሰሩት። ውሃው ሲያልቅ ደግሞ ከመሙላታችሁ በፊት የዕቃውን ውስጥ በብሩሽ ፈትጉት፤ የኤደስ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ደርቆም ቢሆን ለወራት ይቆያል። ያረጀ አጎበር ግን ለመጠጥ ውሃ ክዳን አታድርጉት፤ ኬሚካል አለው።

አጎበሩን እንዴት ነው የማጥበው? ሐይቅ ወስጄ ባጥበውስ?

ሐይቅም ወንዝም በፍጹም። አጎበር የሚነከርበት ፓይሬትሮይድ የተባለው ኬሚካል ለሰው የሚያሰጋ ባይሆንም ለአሳ መርዝ ነው። ሰው ሁሉ አጎበሩን ሐይቅ ዳር ቢያጥብ አሞራ ገደል የአሳ ገበያ ላይ የምንበላው ቆሮሶና አምባዛ ከየት ይመጣል? በሳፋ እጠቡት። የታጠበበትን ውሃ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ወይም ከውሃ ርቆ በተቆፈረ ደረቅ ጉድጓድ ድፉት። አጎበሩን ለአሳ ማጥመጃ ማድረግም ሌላው ጥፋት ነው። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ገና ያላደገውን ጫጩት አሳ ሁሉ ጠርጎ ያወጣዋል።

አዲስ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ቀን ጥላ ላይ አናፍሱት። ሲቆሽሽ ቀዝቃዛ ውሃና ተራ የእጅ ሳሙና በቂ ነው። በረኪናም የዱቄት ሳሙናም አይንካው። ፀሐይ ኬሚካሉን ስለሚያደክመው የሚሰጣው ጥላ ላይ ነው። እስከ 20 እጥበት፣ ወደ 3 ዓመት ገደማ እንዲያገለግል ነው የሚሠራው። በየሦስት ሳምንቱ የሚያጥብ ሰው ንጹሕ ግን የማይሠራ አጎበር ይዞ ይተኛል። ከተቀደደ ስፉት።

አጎበር ውስጥ ይሞቀኛል፤ ምን ላድርግ?

ቬንትሌተር ካለ ወደ አልጋው አዙሩት። ትንኝ ደካማ በራሪ ናት፣ ነፋስ አትችልም፤ ስለዚህ ሙቀቱንም እሷንም አንድ ላይ ይገፋላችኋል። መስኮቱ ላይ ወንፊት ከተመታ ደግሞ ከፍቶ መተኛት ይቻላል።

የቢንቢ ማጨሻና ፍሊት ጉዳት አላቸው? የባሕር ዛፍ ጭስስ?

ጭስ ትንኝን ያባርራል፤ እውነት ነው። ጥንጁትም፣ ባሕር ዛፍም፣ ቀበሪቾም ሲጨሱ ትንኝዋ ትሸሻለች። ችግሩ ጭሱን የምንተነፍሰው እኛ መሆናችን ነው። ያ ተጠቅልሎ የሚሸጠው አረንጓዴ ማጨሻ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። አንዱ ነዶ እስኪያልቅ የሚለቀው ጥቃቅን ብናኝ ከ75 እስከ 137 ሲጋራ ከሚለቀው ጋር እንደሚተካከል በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለክቷል። ይህን በተዘጋ ክፍል፣ ሕፃን አጠገብ ለኩሶ ማደር እኔ አልመክርም። ማጨስ ካለባችሁ ከመተኛታችሁ በፊት አጭሱ፣ ክፍሉን አናፍሱ፣ ከዚያ አጎበሩ ውስጥ ግቡ።

ፍሊት ያችን ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ያለችውን ይገድላል፤ ነገ የምትገባዋን አያውቃትም። ገበያ ላይ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠውን ማላታይን የተባለ የተባይ መድኃኒት ቤት ውስጥ መርጨት ግን ጨርሶ አይሞከርም። መጠኑን ማንም አያውቀውም፣ ልጆችም ለስላሳ መስሏቸው ይጠጡታል።

ነጭ ሽንኩርት መብላት፣ ሎሚ መቀባት ይሠራል?

ነጭ ሽንኩርት አይሠራም። ሎሚ ለጥቂት ደቂቃ ይሆናል፤ ከዚያ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል። ከዕፅዋት ከሚወጡት ውስጥ በደንብ የተፈተነው ከሽቶ ባሕር ዛፍ የሚዘጋጀው ፒኤምዲ የተባለው ቅባት ነው። ቅጠሉን ቀጥቅጦ መቀባት ግን ያንን አይተካም። ፒኤምዲ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይመከርም።

ቅባት የሚያስፈልገው አጎበር በማይደርስበት ሰዓት ነው። አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ስንንሸራሸር ወይም ደጅ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ አጎበር አይከተለንም፤ አረቢየንሲስ ደግሞ ከመተኛታችን በፊትም፣ ከቤት ውጭም ትናከሳለች። ረጅም እጅጌና ካልሲ ከቅባቱ ይረክሳሉ።

እሸት በቆሎ ወባ ያመጣል የሚባለው እውነት ነው?

እሸትም ሸንኮራም በልቶ ወባ የያዘው ሰው የለም። ወባ የሚገባው በምግብ ሳይሆን በትንኝ ንክሻ ነው። ሐሜቱ የመጣው ከወቅቱ ነው፤ እሸቱ ሲደርስና ክረምቱ ሲወጣ ወባውም ይነሳል።

ግን በቆሎው ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው ብዬ አልምልም። እዚሁ አገራችን ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት በቆሎ ሲያብብ የሚበነው ብናኝ አጠገቡ ያለ ኩሬ ላይ ሲያርፍ የአረቢየንሲስ እጮች ይመገቡታል። በእሱ ያደጉት ቶሎ ይደርሳሉ፣ ገዘፍም ይላሉ። አባቶች በቆሎና ወባን ማያያዛቸው ከመሬት ተነስቶ አልነበረም ማለት ነው፤ የሳቱት መንገዱን ብቻ ነው። ስለዚህ እሸቱን ጥበሱና ብሉ። ጓሮ በቆሎ የዘራ ሰው ግን አበባው በሚያወጣበት ሰሞን ማሳው ዙሪያ ያቆረ ውሃ አይተው። ከተቻለም ቤቱ ግድግዳ ድረስ አይዝራ።

የተቃጠለ ዘይት ውሃው ላይ ባፈስስ?

እጩ ይሞታል። ዘይቱ ውሃው ላይ ስለሚነጠፍ መተንፈስ ያቅተዋል። የሚሞተው ግን እሱ ብቻ አይደለም። ዘይቱ ውስጥ ያለው ብረታ ብረትና መርዝ ወደ አፈሩ ይሰርጋል፣ ዝናብ ሲመጣ በቱቦው አድርጎ ሐይቅ ይገባል። የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባ ነገር እዚያው ይቀራል። ኩሬውን በአፈር ሙሉት፣ ካልሆነም ቦይ ቅደዱለት።

እጭ የሚበላ አሳ ብንጨምርስ? ወፎቹስ አይበሉም?

ለተዘጋ የሲሚንቶ ገንዳ ከሆነ ጥቂት የቆሮሶ ጫጩት ማስገባት ይቻላል፤ እጭ ይበላሉ። ከውጭ የሚመጣ አሳ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ወንዝ መልቀቅ ግን አይደረግም። ጋምቡዥያ የተባለችው የአሜሪካ አሳ «ትንኝ በላች» ተብላ በዓለም ዙሪያ ከተበተነች በኋላ የየአገሩን አሳ እንቁላልና ጫጩት እየበላች ብዙ ቦታ ጉዳት አድርሳለች።

ወፎችን በተመለከተ፣ አሞራ ገደል የሚጎማለለው አባ ኮዳ ትንኝ ሲበላ አይታችሁ ከሆነ ንገሩኝ። እሱ የአሳ አንጀት እየጠበቀ ነው።

ለውሃው የሚጨመር አካባቢን የማይጎዳ መድኃኒት አለ? እንዶድስ?

አለ፤ ቢቲአይ ይባላል። አፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. እስራኤል ኔጌቭ በረሃ ውስጥ ነው የተገኘው። እጩ ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ወደ መርዝነት ይቀየራል። ሰውን፣ አሳን፣ ንብን፣ ከብትን አይነካም። ድክመቱ ቶሎ ማለቁ ነው። በተለይ ቆሻሻ ውሃና ጠንካራ ፀሐይ ላይ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መደገም አለበት። ስለዚህ የምትደፉትን ውሃ ደፍታችሁ፣ የምትከድኑትን ከድናችሁ ለተረፈው ነው የሚሆነው። ካገኛችሁት በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን አትለፉ።

እንዶድ የተለየ ታሪክ አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ለቢልሃርዚያ መከላከያነት ያጠኑት። የተመሰገነው ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በመግደሉ ነው። እጭም ሊገድል ይችላል፤ ግን አሳንም ይገድላል። አገር በቀል ስለሆነ ብቻ ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ አይጨመርም።

መንግሥት የሚያስረጨው የቤት ውስጥ ኬሚካል ሕፃን ላለበት ቤት አይከብድም?

ዲዲቲ አይደለም፤ እሱን አገራችን ካቆመች ቆይታለች። ትንኝዋም ለምዳው ነበር። አሁን የሚረጨው ተመርጦ፣ ተመጥኖ፣ በሠለጠነ ሰው ነው። የእኛ ድርሻ ምግብና ዕቃውን ማውጣት፣ ዶሮና ድመቱን ማራቅ፣ ከተረጨ በኋላ ባለሙያው ያለውን ሰዓት ያህል ውጭ ቆይቶ አናፍሶ መግባት ነው። ጓሮ ቀፎ ያለው ሰው አስቀድሞ ይንገራቸው። የሞቱትን ነፍሳት ጠርጋችሁ ሽንት ቤት ጣሏቸው፤ ዶሮ እንዳይለቅማቸው።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜ ልለፍ። ርጭቱ ባለፈ በሳምንቱ ለበዓል ብላችሁ ግድግዳውን አትለስኑ፣ ቀለምም አትቀቡ። ትንኝዋ የምትሞተው ያ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ነው።

አልጋ አጠገብ ዶሮ ማሰር ትንኝ ያባርራል? የስልክ አፕሊኬሽኑስ?

የዶሮው ነገር ቀልድ ይመስላል እንጂ መነሻ አለው። በምዕራብ ኢትዮጵያ ተጠንቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ አረቢየንሲስ የዶሮ ሽታ እንደማትወድ፣ ዶሮ በቀፎ የተሰቀለበት ክፍል ውስጥም ጥቂት ትንኝ ብቻ እንደተያዘ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ የፈለጉት ከሽታው መከላከያ መሥራት ነው እንጂ ዶሮ መኝታ ቤት እንዲገባ አይደለም። የዶሮ ኩስ ያለበት ክፍል ሌላ በሽታ ያመጣል።

በድምፅ ትንኝ አባርራለሁ የሚለው አፕሊኬሽን አይሠራም። ባትሪ ይበላል፣ በቃ።

እንሰቱን ልቁረጠው? ውሃ ይይዛል ይላሉ።

አትቁረጡት። የእንሰት ቅጠል ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ብብት ውሃ መያዙ እውነት ነው፤ እዚያም ኤደስ ሲምፕሶኒ የምትባል ትንኝ ትራባለች። እሷ ከወባ ጋር አትገናኝም፤ ከቢጫ ወባ ጋር ግን ትገናኛለች። ስማቸው ቢመሳሰልም ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. ደቡብ ምዕራቡን የፈጀው ቢጫ ወባ ነበር፤ በ2018ም ወላይታ ዞን ውስጥ ታይቷል።

ቢጫ ወባ ክትባት አለው። ዘመቻ ሲመጣ ተከተቡ። ደጃፋችሁ አጠገብ ያለውን እንሰት አሮጌ ቅጠሉን እየገፈፋችሁ አጥሩት። የሲዳማ ቤት ቆጮውን ትቶ ትንኝ ያሳድድ የሚል ምክር ማንም አይሰማም፤ ባይሰማም ልክ ነው።

የጨለለቃን ረግረግ ማድረቅ አይሻልም?

አይሻልም። ረግረጉ ከላይ የሚመጣውን ደለል እያስቀረ ነው ውሃውን በጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚልከው። እሱ ከደረቀ ደለሉ ቀጥታ ሐይቅ ይገባል። ደግሞም ሲደርቅ የሚቀረው ስንጥቅጥቅ መሬትና የከብት ኮቴ ለአረቢየንሲስ ከበፊቱ የተመቸ ይሆናል። ረግረጉን የተጠጋው መንደር ዙሪያ ያሉትን ትናንሽ ኩሬዎች መድፈን በብዙ እጥፍ ይቀልላል።

የእኔ ግቢ ንጹሕ ነው፤ ጎረቤቴ ግን ለመሠረት ቆፍሮ የተወው ጉድጓድ ውሃ ሞልቶታል። ምን ላድርግ?

ከባዱ ይሄ ነው። ትንኝ አጥር አያግዳትም፤ ብዙ መቶ ሜትር ትበራለች። መጀመሪያ ባለቤቱን አናግሩት፤ ብዙ ጊዜ ሰውየው ሌላ ከተማ ስለሚኖር ጉድጓዱ መሙላቱን እንኳ አያውቅም። ጥበቃው ካለ በፓምፕ ወይም በባልዲ በየሳምንቱ እንዲያስወጣው ተስማሙ። ግንባታው ከቆመ ደግሞ አሸዋ ወይም ገረጋንቲ ቢሞላበት ለእሱም መሠረቱን ይጠብቅለታል፤ ይህን ስትነግሩት ቶሎ ይሰማል።

እምቢ ካለ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንና ቀበሌውን ይዛችሁ ሂዱ። ብቻችሁን ከምትሄዱ የእድሩ ሰብሳቢ አብሯችሁ ቢሄድ ይሻላል። እስከዚያው ቤተሰቡ ውስጥ ትኩሳት የተሰማው ሰው ካለ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ይመርመር፤ በመንግሥት ጤና ተቋም የወባ ምርመራውም መድኃኒቱም ነፃ ነው። ይህም ትንኝ መከላከል ነው፤ አኖፊለስ ተውሳኩን ይዛ አትፈለፈልም፣ ከታመመ ሰው ደም ነው የምትወስደው። እንክብሉን ሻል ሲለው ያቋረጠ ሰው ደግሞ በጎረቤቱ ጉድጓድ የበቀለችውን ትንኝ ራሱ ያስታጥቃታል።